የማትፈልጉት ኢሜይል ሲመጣ፦ ላጥፋው፣ ልውጣ፣ ሪፖርት ላድርግ ወይስ ዝም ልበል?

ስፓም፣ ማለትም ሳትጠይቁት በጅምላ የሚላክ ኢሜይል፣ ሲመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ እየተናደደ አንድ በአንድ ዲሊት ያደርጋል፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ ይተወውና ያልተነበበው መልእክት በሺህ ይቆጠራል። በሁለቱ መሀል ግን ሌላ ብዙ መንገድ አለ። ችግሩ መንገዶቹ እኩል አለመሆናቸው ነው፤ አንዱ በአንድ ንክኪ ነገሩን ይቋጨዋል፣ አንዱ ጊዜ ይበላል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለውም፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ ያባብሰዋል።

እኔ ሳነጻጽር የምለካበት ነገር ሐሳብ ነው። ካልተታለላችሁ በስተቀር ስፓም ከእናንተ የሚወስደው ሌላ ብዙ ነገር የለም። ቦታ አይዝም ማለት ይቻላል፣ ለማጥፋትም አንድ ሰከንድ ይበቃዋል። የሚያደክመው ንዴቱ ነው፤ «አድሬሴን ማን ሰጣቸው? ምን አድርጌያቸው ነው?» እያሉ መብሰልሰሉ። ስለዚህ ጥሩ አማራጭ የምለው ነገሩን ጨርሶ ቶሎ የሚያስረሳችሁን ነው።

ለእናንተ ብሎ የጻፈው ሰው የለም

ይህ ካልተዋጠላችሁ ከታች ያለው ምክር ብዙም አይረዳችሁም። እ.ኤ.አ. በ1978 ጌሪ ተርክ የሚባል የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የማርኬቲንግ ሠራተኛ የኩባንያውን አዳዲስ ኮምፒውተሮች ለማስተዋወቅ ብሎ 400 ገደማ ለሚሆኑ የአርፓኔት (ከኢንተርኔት በፊት የነበረው ኔትወርክ) ተጠቃሚዎች አንድ ዓይነት መልእክት ላከ። ሰዉ ተንጫጫ። የኔትወርኩ ኃላፊዎችም ደንብ ተጥሷል ብለው ተቆጡ። ያኔ እንግዲህ አድሬሶቹ ከታተመ ማውጫ ላይ እየታዩ በእጅ ነበር የተተየቡት፤ ቢያንስ አንድ ሰው ስማችሁን አይቶታል።

አሁን እሱም ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከበርክሌይና ከሳንዲዬጎ፣ ስቶርም በሚባለው በቫይረስ የተያዙ ኮምፒውተሮች መረብ ውስጥ ሰርገው ገቡና የስፓምን ንግድ ከውስጥ ሆነው ለኩት። በ26 ቀን 350 ሚሊዮን ገደማ የመድኃኒት ማስታወቂያ ተላከ። ለመግዛት የሞከሩት ሰዎች 28 ናቸው። ሃያ ስምንት! ለአንድ ገዢ ከ12 ሚሊዮን በላይ ኢሜይል ማለት ነው። ይህን የሚሠራ ሰው እናንተን አይመርጥም፣ አይንቅም፣ አያውቅም። ዝርዝር ላይ ያለች አንድ መስመር ናችሁ። ብትናደዱም አያይ፣ ዝም ብትሉም አያይ።

የምታዩትም ከሚላከው ጥቂቱን ነው። ካስፐርስኪ የሚባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2023 ከዓለም የኢሜይል እንቅስቃሴ ውስጥ 45 በመቶ ያህሉ ስፓም ነበር። ጉግል ደግሞ በዚያው ዓመት፣ ጂሜይል በቀን ወደ 15 ቢሊዮን የሚጠጋ ያልተፈለገ ኢሜይል እንደሚያግድና ከ99.9 በመቶ በላይ የሚሆነውን ስፓምና የማጭበርበሪያ መልእክት ኢንቦክስ ሳይደርስ እንደሚያስቀር ተናግሯል። የራሳቸው ቁጥር ስለሆነ ትንሽ ቢያሳምሩትም አይገርመኝም፣ ግን አጠቃላይ ሥዕሉ ትክክል ነው፦ እናንተን የሚያበሳጫችሁ ያመለጠው ፍርፋሪ ነው። ጨርሶ ይጠፋል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ2004 ዳቮስ ላይ በተካሄደው የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ስፓም በሁለት ዓመት ውስጥ መፍትሔ ያገኛል ብሎ ነበር። ሁለት ዓመቱ ካለፈ ቆየ።

መጀመሪያ ማን እንደላከው እዩ

አማራጩን የሚወስንላችሁ ላኪው ነው። አራት ዓይነት አለ ብላችሁ ብታስቡ ይበቃል።

አንደኛው ራሳችሁ አድሬሳችሁን የሰጣችሁት ድርጅት ነው፤ አንድ ቀን ዕቃ ገዝታችሁ ወይም አፕ ከፍታችሁ «ማስታወቂያ ይላክልኝ» የምትለዋን ትንሽ ሳጥን ሳታዩ አልፋችኋል። ሁለተኛው አድሬሳችሁን ከሆነ ዝርዝር ላይ ያገኘ፣ እናንተ ሰምታችሁት የማታውቁት ሻጭ ነው። ሦስተኛው ሌባ ነው፦ ባንክ ነኝ፣ ዕቃ አድራሽ ነኝ፣ አካውንትዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል የሚለው። አራተኛው ደግሞ የምር ሰው ነው፤ የደረሰውን ሁሉ ለመቶ ሰው የሚያዳርስ ዘመድ፣ ወይም በቃ ብትሉትም የማይተዋችሁ የድሮ ወዳጅ። ስልኩ ላይ የምትነኩት የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት ለአራቱም አንድ ነው፤ መፍትሔው ግን ለየቅል ነው።

ማጥፋት ወይስ ስፓም ነው ብሎ ማመልከት?

ማጥፋት ይቀላል። ለዚያም ነው ሁሉም ሰው የሚያጠፋው። ነገር ግን መልእክቱን ስታጠፉት ስፓምን ለይቶ ለሚያስቀረው ፊልተር ምንም አልነገራችሁትም፤ ለእሱ የተነበበና የተጣለ ተራ ኢሜይል ነው። ነገ ተመሳሳዩ ቢመጣ እንደገና ኢንቦክስ ያስገባዋል፣ እናንተም እንደገና ታጠፋላችሁ። ሪፖርት ስፓም የሚለውን መንካት የሚፈጀው ጊዜ ያው ነው፣ ግን ፊልተሩ ያስታውሰዋል።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ድሮ ፊልተሮች ቃል ይዘው ነበር የሚያድኑት፤ «ነፃ» ወይም «አሁኑኑ» የሚል ካለበት ይጣላል። ላኪዎቹ ቃሉን በነጥብና በቁጥር እየሰባበሩ አለፉት። እ.ኤ.አ. በ2002 ፖል ግሬም የሚባል ፕሮግራመር አንድ ሐሳብ በሰፊው አስተዋወቀ፦ ከመጥፎ ቃላት ዝርዝር ይልቅ ፊልተሩ ከራሱ ከባለቤቱ ኢሜይል ይማር፣ ይህኛው ስፓም ነው ይህኛው አይደለም የተባለውን እያየ የእያንዳንዱን ቃል ዕድል ያስላ። ዛሬ ያሉት ፊልተሮች ከዚያ በጣም ርቀው ሄደዋል፤ የላኪውን ሰርቨር ታሪክ፣ ሊንኮቹን፣ የተላከበትን ብዛት ሁሉ ይመዝናሉ። መሠረቱ ግን ያው ነው፣ ሰው ይነግራቸዋል እነሱ ይማራሉ። የእናንተ ንክኪ ትምህርት ናት።

ክብደትም አላት። ጂሜይል በብዛት የሚልኩ ድርጅቶችን የስፓም ሪፖርታችሁ 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይላቸዋል። ከሺህ ሰው ሦስቱ ስፓም ነው ካሉ ድርጅቱ ችግር ውስጥ ይገባል፣ ኢሜይሉም ለሌሎቹ መድረሱ አጠራጣሪ ይሆናል። ስለዚህ ለማታውቁት ሻጭና ለሌባው ያለምንም ማመንታት ሪፖርት አድርጉ። ራሳችሁ ፈልጋችሁ የተመዘገባችሁበት፣ አሁን ግን የሰለቻችሁ የአንድ ሰው ሳምንታዊ ጽሑፍ ከሆነ ግን ግፍ ነው፤ ያ ሰው ምንም አላጠፋም፣ እናንተ ናችሁ የሰለቻችሁ። ለእሱ የሚሻለው ቀጥሎ ያለው ነው።

ማጥፋት የሚሻልበት ጊዜ አለ? አለ። የምትፈልጉት ድርጅት አልፎ አልፎ የሚልከው የማትፈልጉት መልእክት ከሆነ። የባንካችሁን የበዓል መልካም ምኞት ስፓም ብላችሁ ብታመለክቱ፣ አንድ ቀን የክፍያ ማረጋገጫው ራሱ ስፓም ፎልደር ገብቶ ልትፈልጉት ነው።

መውጣት (አንሰብስክራይብ) ይሻላል ወይስ ሪፖርት?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

«አንሰብስክራይብ የሚለውን እንዳትነካ፣ ከነካህ አድሬሱ የሚሠራ መሆኑን ያውቁና ይብሱብሃል» የሚል ምክር ሳትሰሙ አትቀሩም። ግማሹ እውነት ነው። ለሌባና ፈጽሞ ለማይታወቅ ላኪ ይሠራል፤ እዚያ ሊንክ የሚባል ነገር አይነካም። በስምና በአድራሻ የሚታወቅ ድርጅት ከሆነ ግን ፍርሃቱ ያለቦታው ነው፣ እንደውም መውጣት ከሁሉም ርካሹ መንገድ ነው። የአሜሪካው ካን-ስፓም ሕግ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ፣ የንግድ ኢሜይል የሚልክ ሁሉ መውጫ መንገድና የሚሠራ የፖስታ አድራሻ እንዲያስቀምጥ፣ አውጡኝ ያለውን ሰውም በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያስወጣ አስገድዷል። የአውሮፓው ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነው፣ በአብዛኛው መጀመሪያ ፈቃዳችሁን መጠየቅ አለባቸው።

ከሕጉ በላይ የሠራው ግን ሌላ ነው። ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጉግልና ያሁ በብዛት ለሚልኩ ድርጅቶች አዲስ መስፈርት አወጡ። ጉግል በቀን ከ5,000 በላይ ወደ ጂሜይል የሚልከውን ነው በብዛት የሚልክ የሚለው። የማስታወቂያ ኢሜይል በአንድ ንክኪ የሚያስወጣ መሆን አለበት፣ ጥያቄውም በሁለት ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ይህን የማያሟላ ኢሜይሉ ላይደርስለት ይችላል። ፍርድ ቤት ሳይሄዱ የሚያስፈራ ቅጣት ይሄ ነው።

ስለዚህ አንድ ኢሜይል ላይ ሁለት መውጫ ሊኖር ይችላል፣ የተሻለው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው የኢሜይል አፑ ራሱ ከላይ ከላኪው ስም አጠገብ የሚያሳያችሁ ነው። እሱን ስትነኩ ጥያቄውን ለላኪው የሚያስተላልፍላችሁ አፑ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ገጽ አትከፍቱም። ሁልጊዜ እሱን አስቀድሙ።

ሁለተኛው መልእክቱ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ታውቁታላችሁ፤ ከትልልቅ ፎቶዎችና ከቀይ ቁልፎች ሁሉ በታች፣ ነጭ ላይ በፈዛዛ ግራጫ፣ ለዓይን በምታስቸግር ፊደል፣ ከኩባንያው አድራሻና ከግላዊነት ፖሊሲው መሀል የተሸጎጠችው። ስትነኳት «መሄድህ አሳዝኖናል» የሚል ገጽ ይከፈታል። ከሥሩ የሳጥን መዓት፦ ሳምንታዊ ቅናሽ፣ አዳዲስ ምርቶች፣ የአጋሮቻችን ዜና፣ ሁሉም ምልክት ተደርጎባቸው። አንዱን ብቻ ካነሳችሁ የቀሩት ይቀጥላሉ። «ከሁሉም አስወጣኝ» የምትለው አለች፣ ብዙ ጊዜ ከታች ጥግ ላይ ናት፤ እሷን ፈልጉ። ለምን እንደወጣችሁ የሚጠይቀውን መጠይቅ መሙላት ግዴታ አይደለም። ፓስወርድ አስገቡ ካላችሁ ግን ዝጉትና ተመልሳችሁ ሪፖርት አድርጉ፣ አንድን ሰው ከዝርዝር ለማውጣት ፓስወርድ አያስፈልግም።

ከወጡ በኋላም አንድ ሁለት ኢሜይል ሊመጣ ይችላል። ተዋቸው። አንዳንዱ ቀድሞ ተሰልፎ የነበረ ነው። ሁለት ሳምንት አልፎ አሁንም የሚልክ ከሆነ ግን ዕድሉን አግኝቷልና ሪፖርት፣ ሌላ ሙግት አያስፈልግም።

ብሎክ ማድረግ

ለስፓም ሲሆን ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ላኪው በየቀኑ አዲስ አድሬስ ይዞ ስለሚመጣ እናንተ የምትዘጉት ትናንት የተጣለውን አድሬስ ነው። ሁለት መቶ አድሬስ ብሎክ አድርገው «ምንም ለውጥ የለውም» የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እውነታቸውን ነው።

ብሎክ የተፈጠረው ለአራተኛው ዓይነት ነው፣ ለምር ሰው። አንድ ሰው አድሬሱን ቶሎ ቶሎ አይቀይርም። ጂሜይል ላይ ብሎክ ያደረጋችሁት ሰው መልእክት ቀጥታ ስፓም ፎልደር ይገባል፣ ሰውየውም ብሎክ ተደርገሃል ተብሎ አይነገረውም። ዘመድ ሲሆን ግን ብሎክ ይከብዳል፤ እሳቸው የላኩት ሁሉ ወደ አንድ ፎልደር እንዲገባ ኢሜይላችሁ ሴቲንግ ላይ ሕግ (ሩል) ማውጣት ይሻላል። ስንት መልእክት እንደመጣ ሳታዩ ትውላላችሁ፣ ሲመቻችሁ ገብታችሁ ታያላችሁ፣ ማንም አይቀየምም። ከዚያም የሚቀለው ደውሎ «አባባ፣ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ያውጡኝ» ማለት ነው፤ የሚገርመው እሱን የሚሞክር ሰው ጥቂት ነው።

ተናዶ መመለስ

በእኔ መለኪያ ከሁሉም ውዱ ይሄ ነው። ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጻፍ የላኪውን ማንነት የሚያጣራ ነገር አልነበረውም፤ ያኔ ኔትወርኩ ላይ የነበረው ሰው ጥቂት ነበር፣ ይተማመን ነበር። «ከ» በሚለው ቦታ ላይ ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችላል። በኋላ ላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉ ማጣሪያዎች መጡና ነገሩ በጣም ተሻሻለ፣ ግን ሁሉም ሰው በትክክል አልተከላቸውም። ስለዚህ የጻፋችሁት ስድብ የሚደርሰው ወይ ማንም ወደማያነበው ሳጥን ነው፣ ወይ አድሬሱ ያለፈቃዱ ጥቅም ላይ ወደዋለ ምስኪን ሰው ነው። ሌባው ራሱ ካነበበው ደግሞ ይባስ፤ መልስ የሚሰጥ ሰው አገኘ ማለት ነው።

ከሌቦች ጋር ሆን ብለው እየተጻጻፉ ጊዜያቸውን የሚያባክኑባቸው ሰዎችም አሉ። የሚያስቅ ነገር ይወጣዋል፣ አልክድም። ግን ለአንድ ሌባ ሰዓት ስትሰጡ እሱ ሥራው ላይ ነው፣ እናንተ ናችሁ ከሥራችሁ የቀራችሁት። ዝም አይነቅዝም።

የሚያስፈራው ኢሜይል

አንድ ዓይነት መልእክት ግን ረጋ ያለውን ሰው ሁሉ ያስደነግጣል። ርዕሱ ላይ የእናንተ ፓስወርድ አለ። የምር የእናንተ፣ ከዓመታት በፊት የምትጠቀሙበት። ውስጡ ሲነበብ «ኮምፒውተርህ ውስጥ ገብቻለሁ፣ በካሜራህ ቀርጬሃለሁ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢትኮይን ካልላክህ ቪዲዮውን ለምታውቃቸው ሁሉ እልካለሁ» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ከራሳችሁ አድሬስ የተላከ ይመስላል፤ «ይኸው አካውንትህ በእጄ ነው» ለማለት።

ፓስወርዱ እውነት ስለሆነ ሰው የቀረውንም ያምናል። ግን ፓስወርዱ የመጣው ከካሜራችሁ ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ ተመዝግባችሁበት ዳታው ከተሰረቀበት ድረ ገጽ ነው። እንዲህ ያሉ የተሰረቁ ዝርዝሮች በሚሊዮን የሚቆጠር አድሬስና ፓስወርድ ይዘው ይዞራሉ፣ ላኪው ደግሞ ያንኑ ደብዳቤ ለሁሉም በየፓስወርዳቸው ሞልቶ ይልካል። ከእናንተ አድሬስ የተላከ መምሰሉም ያው ከላይ ያልኩት የ«ከ» ጉዳይ ነው።

አማራጮቹን ብናነጻጽር፦ መክፈል ከሁሉም የከፋ ነው፣ ገንዘቡ ይሄዳል፣ ከፋይ መሆናችሁም ይታወቃል። መልስ መጻፍም ያው ነው። ዝም ማለት ጥሩ ነው፣ ግን ግማሽ መንገድ ነው፣ ምክንያቱም ያ ፓስወርድ ምናልባት አሁንም ሌላ ቦታ ትጠቀሙበት ይሆናል። ትክክለኛው ያንን ፓስወርድ ያለበት ቦታ ሁሉ መቀየር፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ ለምሳሌ ኮድ፣ የሚጠይቀውን) መክፈት፣ ከዚያ ሪፖርት አድርጎ መርሳት ነው። ከየትኛው ድረ ገጽ እንደወጣ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ትሮይ ሀንት የሚባል የደኅንነት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ (Have I Been Pwned) የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ አድሬሳችሁን ስታስገቡ በየትኞቹ ስርቆቶች ውስጥ እንደተገኘ ይነግራችኋል። ውጤቱን አይታችሁ አትደንግጡ፣ ብዙ ዓመት ኢንተርኔት የተጠቀመ ሰው አንዱ ጋ መገኘቱ አይቀርም።

ሳይቃጠል በቅጠል

እስካሁን ያልነው ከመጣ በኋላ ነው። አድሬሳችሁ እንዳይበተን የምታደርጉባቸው ሦስት መንገዶች አሉ፣ አንድ ዓይነት ግን አይደሉም።

የመጀመሪያው የመደመር ምልክት ነው። ጂሜይልና ሌሎችም አድሬሳችሁ ላይ ከስማችሁ ቀጥሎ፣ ከ@ በፊት፣ የመደመር ምልክትና የፈለጋችሁትን ቃል ብትጨምሩ መልእክቱን ወደናንተ ያደርሱታል። ለእያንዳንዱ ድርጅት የተለየ ቃል ከሰጣችሁ ማን እንደሸጣችሁ ታውቃላችሁ። ነፃ ነው፣ ብልጠትም ይመስላል። ችግሩ ዝርዝር የሚነግድ ሰው ከመደመሩ ወዲያ ያለውን በቀላሉ ቆርጦ ይጥለዋል፣ አንዳንድ ፎርሞችም ምልክቱን አይቀበሉም። ከዚያም በላይ፣ ማን እንደሸጣችሁ ማወቁ ምን ይፈይዳል? የምትናደዱበት ስም አገኛችሁ እንጂ ኢሜይሉ አልቆመም። ለፎልደር ማደራጃ ጥሩ ነው፣ ለሰላም ግን አይደለም።

ሁለተኛው ሌላ አካውንት መክፈት ነው። አንዱ ለሰውና ለቁም ነገር፣ ሌላው ለምዝገባና ለቅናሽ። ቀላል ነው፣ ማንም ይገባዋል፣ ለብዙ ሰው ይበቃል። መጠንቀቅ ያለባችሁ እንዳትረሱት ነው፤ ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተነካን የግል አካውንት ሊያጠፋ ይችላል፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ የገዛችሁት ዕቃ ደረሰኝ ወይም የሌላ አካውንት ፓስወርድ መቀየሪያ ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛው ተለዋጭ አድሬስ ነው፣ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። አፕል «ሃይድ ማይ ኢሜይል» የሚለው፣ የፋየርፎክስ ሪሌይ፣ አሁን በፕሮቶን ሥር ያለው ሲምፕልሎጊን፣ ሁሉም የሚሠሩት አንድ ነገር ነው፦ ለእያንዳንዱ ምዝገባ የዘፈቀደ አድሬስ ይፈጥሩላችኋል፣ የመጣውን ወደ እውነተኛው አድሬሳችሁ ያስተላልፋሉ። አንዱ ስፓም ማምጣት ሲጀምር ያንን አድሬስ ብቻ ታጠፉታላችሁ። ማን ሸጠኝ፣ ለምን ሸጠኝ የሚል ጥያቄ የለም፤ በሩ ተዘጋ፣ አለቀ። ጉድለቱ ጥገኝነት ነው፤ አገልግሎቱ ቢዘጋ ወይም ክፍያ ቢጨምር ሁሉም አድሬስ በእሱ እጅ ነው። ስለዚህ ለባንክ፣ ለሕክምናና ለመንግሥት ጉዳይ እውነተኛውን አድሬስ ተጠቀሙ።

አድሬስ ጨርሶ መቀየርስ? ለስፓም ብሎ አይመከርም። ላኪዎቹ አዲሱን ቶሎ ወይ ዘግይተው ያገኙታል፣ ወዳጆቻችሁ ግን ለዓመታት በአሮጌው ይጽፋሉ። ሰው የሚያሳድዳችሁ ከሆነ ያኔ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያኔ መረጃውን ሳታጠፉ አስቀምጡና ለሚመለከተው ክፍል አመልክቱ።

ስፓም ፎልደሩን በየስንት ጊዜ?

በየቀኑ የሚከፍቱት አሉ፣ ጨርሶ የማይከፍቱት አሉ። በየቀኑ መክፈት ፊልተሩ የደበቀላችሁን ቆሻሻ በራሳችሁ እጅ እንደገና ማየት ነው። ጨርሶ አለመክፈትም ዋጋ አለው፤ ፊልተር ይሳሳታል፣ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ወይም ከማታውቁት አድሬስ የመጣ ቁም ነገር እዚያ ገብቶ ሊቀር ይችላል። ጂሜይል እዚያ የገባውን 30 ቀን አቆይቶ ያጠፋዋል። በሳምንት አንዴ፣ ርዕሱን ብቻ ዓይናችሁን እያስሮጣችሁ ማየት ይበቃል። ደብዳቤ እየጠበቃችሁ ከሆነ ግን ቶሎ ቶሎ እዩ። ትክክለኛውን ስታገኙ «ስፓም አይደለም» በሉት፣ ያም ትምህርት ነው።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች እግረ መንገዴን። ምስሎች በራሳቸው እንዳይከፈቱ የሚያደርገውን ማስተካከያ አብሩት፤ ብዙ ማስታወቂያ ውስጥ ኢሜይሉን መቼ እንደከፈታችሁ የምትነግር የማትታይ ምስል አለች። እና የኢሜይል ኖቲፊኬሽን ከምታውቋቸው ሰዎች በስተቀር ዝጉ። ስልኩ ለእያንዳንዱ ቅናሽ እየጮኸ እንዴት ነው ሰው የሚረጋጋው?

መረጋጋት የሌለባችሁ ጊዜ

ከላይ ያልኩት ሁሉ በቀን አምስትም ሃያም ለሚመጣ ስፓም ነው። አንድ ቀን ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ኢሜይል ቢወርድባችሁ፣ አብዛኛውም «ስለተመዘገቡ እናመሰግናለን» የሚል ከማታውቁት ድረ ገጽ የመጣ ከሆነ፣ ያ ተራ ስፓም አይደለም። አንድ ሰው አድሬሳችሁን በሺህ ቦታ እያስመዘገበው ነው። ብዙ ጊዜ ዓላማው አንዲትን ኢሜይል እናንተ እንዳታዩት መቅበር ነው፤ በካርዳችሁ ዕቃ ተገዝቷል፣ ወይም ፓስወርዳችሁ ተቀይሯል የምትለውን።

በዚህን ጊዜ ሁሉንም መርጦ ማጥፋት ሌባው የሚፈልገው ነው። አታጥፉ። መፈለጊያው ላይ የባንካችሁን ስም፣ ዕቃ የምትገዙባቸውን ድርጅቶች ስም፣ «ትእዛዝ»፣ «ፓስወርድ»፣ «ክፍያ» የሚሉትን እያስገባችሁ ፈልጉ፣ ኢሜይላችሁ በእንግሊዝኛ ከሆነም በእንግሊዝኛ። የባንክ ሒሳባችሁን በቀጥታ ከአፑ ገብታችሁ እዩ፣ ኢሜይል ውስጥ ባለ ሊንክ አይደለም። ያላዘዛችሁት ግዢ ካለ ለባንኩ ወዲያው ደውሉ። ከዚያ የኢሜይላችሁን ፓስወርድ ቀይሩ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁም መልእክታችሁን ወደ ሌላ አድሬስ የሚያስተላልፍ ወይም የባንክ ኢሜይልን በራሱ የሚያጠፋ፣ እናንተ ያላወጣችሁት ሕግ ካለ አጥፉት። የቀረውን የምዝገባ መዓት አንድ በአንድ አንሰብስክራይብ ለማድረግ አትቸኩሉ፤ ሪፖርት እያደረጋችሁ ለፊልተሩ ተዉለት።